የቀኝ ቀስት ሱሰኛው ኑዛዜ

«ቆይ፣ ይሄ ራሰ በራ ሽማግሌ ደግሞ ማነው?»

ጥያቄው የታናሽ እህቴ ነው። ከጠየቀችኝ ወራት አልፈዋል። እሷ ረስታዋለች። እኔ ግን ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል፣ ልተኛ ስል ትዝ ይለኛል፣ አሁን ደግሞ ይኸው ጽሑፍ ሆኖ ወጣ።

እህቴ አኒሜ አታይም። «ያው ካርቱን አይደል እንዴ?» ከሚሉት ወገን ናት። ያን ማታ አጠገቤ የተቀመጠችውም ስልኳ ቻርጅ ላይ ስለነበረ ብቻ ነው። እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ የ«ፍሪረን»ን የመጀመሪያ ክፍል እያየሁ ነበር። ማለቴ፣ እያየሁ መስሎኝ ነበር። ጥያቄዋን ስሰማ ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። መልስ የለም። ሽማግሌው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከየት እንደመጣም አላውቅም። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ነበር እኮ!

ይህ ለምን እንዳሳፈረኝ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በጓደኞቼ መሀል የአኒሜ ዳኛ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ነው የሾምኩት። የቱ ይታያል፣ የቱ ይጣላል፣ ማን ከማን ይበልጣል፣ የቱ ጋ ተበላሸ፣ ሁሉም ላይ ፍርድ አለኝ። ይግባኝ አይባልም። ሰው «ያ አኒሜ ደስ አለኝ» ሲለኝ ትንሽ ፈገግ እላለሁ። ያቺ ፈገግታ ከስድብ የባሰች ናት፤ አውቃታለሁ፣ መስታወት ፊት ተለማምጃታለሁ።

## ጽሑፍ ከሌለ ዝለል

አኒሜ እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ፤ አትሳቁ። መጀመሪያ ፍጥነቱን 1.5 አደርገዋለሁ። የመክፈቻው ዘፈን ይዘለላል። ባለፈው ሳምንት የሆነውን የሚያስታውሰው ይዘለላል። የመዝጊያው ዘፈንማ ተሰምቶም አያውቅ። ከዚያ የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ኪቦርዱ ላይ ካለው የቀኝ ቀስት ላይ ታርፋለች። አንዴ ስትነካው 10 ሰከንድ ወደፊት ይሄዳል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከታች ሰብታይትል ካለ ይታያል፣ ከሌለ ይዘለላል። ሰው ዝም ብሎ እየሄደ ነው? ዝለል። ሰማይ ታየ? ዝለል። ቅጠል ወደቀ? ቅጠል ሲወድቅ አይቼ አላውቅም እንዴ፣ ዝለል። በዚህ ስልት የ24 ደቂቃውን ክፍል በ12 ደቂቃ እገላግለዋለሁ። 26 ክፍል ያለው ተከታታይ ማታ ተጀምሮ ጠዋት ፍርድ ይሰጥበታል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዚህ መንገድ ያየሁት ሁሉ በሳምንቱ ከጭንቅላቴ ይወጣል። የሚቀረኝ ፍርዱ ብቻ ነው። «አሪፍ ነው፣ ግን መጨረሻው ይወርዳል።» «እሱ እንኳን የጀማሪ ነው።» ለምን ወረደ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ደግነቱ ማንም ለምን ብሎኝ አያውቅም። በልበ ሙሉነት የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

## ጣቴን ማን አሠለጠናት?

ጥፋቱን ሁሉ ግን ብቻዬን አልሸከምም። ይቺ ጣት ስትፈጠር እንዲህ አልነበረችም። ያሠለጠኗት አሉ።

የመጀመሪያው አሠልጣኝ «ድራጎን ቦል ዚ» ነው። ክፉው ፍሪዛ ናሜክ የምትባለውን ፕላኔት ይመታትና «ከ5 ደቂቃ በኋላ ትፈነዳለች» ይላል። እሺ፣ 5 ደቂቃ። ልጅ ነበርኩ፣ አመንኩት። ያቺ 5 ደቂቃ ወደ 10 ክፍል ገደማ ፈጀች። ጀግናው ጎኩና ፍሪዛ ይተያያሉ። ይጮሃሉ። ድንጋይ ከመሬት ተነስቶ ይንሳፈፋል። ደግሞ ይተያያሉ። በሳምንት አንድ ክፍል እየጠበቅኩ ስለነበር በዚያች 5 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ፈተና ተፈትኜ ውጤቴን ተቀብያለሁ። ፕላኔቷ ግን አለች።

ነገርን ከሥሩ ካልን ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። እነዚህ ረጃጅም አኒሜዎች የሚሠሩት ማንጋው፣ ማለትም የሚነሡበት የሥዕል መጽሐፍ፣ ገና እየተጻፈ ሳለ ነው። ማንጋው በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ ወደ 20 ገጽ አካባቢ ይወጣል። አኒሜው በዚያው ሳምንት ከ20 ደቂቃ በላይ መሙላት አለበት። ስለዚህ ይሮጥና ማንጋው ላይ ይደርስበታል። ሲደርስበት ወይ ይጎትታል፣ ወይ ከራሱ ታሪክ ፈጥሮ ይሞላል። የፈጠረው ነው እንግዲህ ፊለር የሚባለው።

«ድራጎን ቦል» መጎተት ይወዳል፤ «ናሩቶ» ደግሞ መሙላት። የመጀመሪያው «ናሩቶ» 220 ክፍል ነው። ሳስኬ መንደሩን ጥሎ ከሄደ በኋላ፣ ከ136ኛው ክፍል እስከ መጨረሻው ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ፊለር ነው። አስቡት፣ የልብ ጓደኛህ ለጠላት እጁን ሰጥቷል፣ «በምንም ቢሆን እመልሰዋለሁ» ብለህ ምለሃል፣ ከዚያ ተነስተህ ለሰማንያ ክፍል ያህል የማታውቃቸውን ሰዎች ዕቃ ታጅባለህ። በተከታዩ «ሺፑደን» ደግሞ 500 ክፍል ሙሉ ትዝታ ነው። ናሩቶ ብቻውን የሚቀመጥባትን ዥዋዥዌ ስንቴ አሳዩን? ያቺን ዥዋዥዌ ከገዛ ልጅነቴ በላይ አውቃታለሁ።

ፊለር ሁሉ ይረገም አልልም ግን። 101ኛው ክፍል ፊለር ነው። ሦስቱ ልጆች መምህራቸው ካካሺ ከጭንብሉ ሥር ምን ዓይነት ፊት እንዳለው ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ያሴራሉ። በመጨረሻ ራሱ «ማየት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጭንብሉን ያወርዳል። ከሥሩ ሌላ ጭንብል። እኔ በበኩሌ ከብዙዎቹ ትልልቅ ውጊያዎች ይልቅ ይቺን ክፍል እመርጣለሁ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም እንጂ።

«ዋን ፒስ»ን በተመለከተ ጠላት ላፈራ ነው። አኒሜው ከ1999 ጀምሮ እየታየ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከ1,100 ክፍል በላይ ሆኗል። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ ማንጋውን በ1997 ሲጀምር በ5 ዓመት ሊጨርሰው አስቦ ነበር። ከፍሪዛ ጋር ሰዓት የሚሠራላቸው ሰው አንድ ሳይሆን አይቀርም። ታሪኩ ሁሉ የሚሮጥለትን ሀብት እስካሁን አላየንም፤ ምን እንደሆነም አናውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። አንዱ ቡጢ ሲሰነዝር ያለው ተመልካች ሁሉ በየተራ አፉን ከፍቶ ሲደነግጥ ይታያል፣ እያንዳንዱ ፊት ሦስት ሰከንድ። ጣቴ እዚህ ጋ ጡንቻ አወጣች።

ከሁሉም የከፋው ግን «ሃሩሂ ሱዙሚያ» ነው። በ2009 በተላለፈው ክፍል ልጆቹ ሳያውቁት ሁለት የዕረፍት ሳምንታትን ደጋግመው ይኖራሉ፣ ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ። ጥሩ ሐሳብ ነው። አዘጋጆቹ ግን ይህንን እኛም እንድንቀምሰው ፈለጉ መሰል፣ ያንኑ ታሪክ 8 ክፍል አድርገው ለ8 ሳምንት አሳዩት። አንድ ቦታ እየሄዱ፣ አንድ ነገር እየተባባሉ። የሚገርመው ቪዲዮውን አልገለበጡትም፤ እያንዳንዱን ክፍል እንደ አዲስ ሥለውታል፣ ድምፁንም እንደ አዲስ ቀድተውታል፣ ልብሳቸው እንኳን ይለያያል። ይህን ያህል ድካም ሰውን ለማሰልቸት! አንዱን አይቼ ሰባቱን ዘለልኩ፤ ለዚህ ንስሐ የምገባ አይመስለኝም።

«አታክ ኦን ታይታን»ን በአንድ ትንፋሽ ልለፈው። «የመጨረሻው ሲዝን» ብለው በታኅሣሥ 2020 ጀመሩ። ከዚያ የመጨረሻው ሲዝን ሁለተኛ ክፍል መጣ። ከዚያ የመጨረሻው ሲዝን የመጨረሻ ምዕራፎች አንደኛው። ከዚያ ሁለተኛው። ኅዳር 2023 ላይ ሲያልቅ «መጨረሻ» የሚለው ቃል ራሱ ጡረታ ይገባው ነበር። ሥራው ግን ምርጥ ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም።

## ቆንጆው ልጅ የት ሄደ?

ወደዚያ ማታ ልመለስ።

ፍሪረን ኤልፍ ናት፣ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች። ታሪኩ የሚጀምረው ሌላው ታሪክ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። የአጋንንቱ ንጉሥ ተሸንፏል። አራት ጓደኛሞች ከ10 ዓመት ጉዞ በኋላ በሠረገላ እየተመለሱ ነው። ጀግናው ሂመል፣ ጠጪው ካህን ሃይተር፣ ድንኩ ተዋጊ አይዘንና እሷ። በዚያው ማታ በ50 ዓመት አንዴ የሚመጡትን ተወርዋሪ ኮከቦች ያያሉ። እሷ «የተሻለ የሚታይበት ቦታ አውቃለሁ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አሳያችኋለሁ» ትላለች፣ ነገ ጠዋት እንገናኝ የሚል ሰው በሚናገርበት ድምፅ። ከዚያ ቻው ብላቸው ትሄዳለች።

እዚህ ጋ ሰብታይትሉ ቆመ። ጣቴ ሥራዋን ሠራች። ቀስት። ቀስት። መንካቴንም አላወቅኩትም፤ የዓይን ሽፋሽፍት መርገብገቡን እንደማናውቀው። ጽሑፉ ሲመለስ አንድ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ቆሟል። እህቴ ጠየቀች።

«እኔ እንጃ፣ አዲስ ሰው መሰለኝ» አልኳት።

«የምን አዲስ? ታውቀዋለች እኮ። ደግሞ ያ ፀጉረ ሰማያዊው የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ቆንጆው ነዋ!»

«ይመጣል፣ ቆይ።»

ሽማግሌው ነበር ቆንጆው። በሁለት ቀስት 50 ዓመት ዘልያለሁ። የሰውየው ጉልምስና፣ ፀጉሩ፣ ቁመቱ፣ ሁሉም በጣቴና በኪቦርዱ መሀል ቀርቷል።

«መልሰው» አለች።

«ምኑን?»

«ከመጀመሪያው መልሰው። ደግሞ ለምንድነው እንዲህ የሚያወሩት? የሚያባርራቸው አለ?»

1.5 ፍጥነት ላይ መሆኑን ማስረዳት ጀመርኩ። ጊዜ ቆጣቢ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያየው፣ ምናምን። ሳልጨርስ ላፕቶፑን ከጭኔ ላይ አንስታ የራሷ ጭን ላይ አደረገችው። ፍጥነቱን የት እንደሚስተካከል ፈልጋ አገኘች። ከዜሮ ጀመረች።

የሚቀጥሉት ሃያ ደቂቃዎች ከባድ ነበሩ። አልዋሽም። ሠረገላዋ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አሁንም ትሄዳለች። ጉልበቴ ላይ ያረፈችው ጣቴ በየመሀሉ ብድግ ትላለች፣ ሱሪዬን ትጫናለች፣ ምንም አይዘለልም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ኪሱን የሚዳብሰው እንዲህ ይመስለኛል። እህቴ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላለች። ፍሪረን ስትሄድ አየን። ስትመለስ አየን። ናፍቀዋት አይደለም የምትመለሰው፤ ድሮ ሂመል ዘንድ ያስቀመጠችውን የዘንዶ ቀንድ ልትወስድ ነው፣ ጎረቤት ያበደርከውን ወንበር እንደመውሰድ። እሷ ላይ አንዲት ፀጉር አልተለወጠችም። እሱ ግን አጥሮ፣ ሸምግሎ ነው ያገኘችው።

አራቱ እንደገና ተሰብስበው ኮከቦቹን ያያሉ። ብዙም ሳይቆይ ሂመል ይሞታል።

ቀብሩ ላይ ሰዎች ያንሾካሹካሉ። አብራው የተጓዘች ናት አሉ፣ ፊቷ ላይ ግን ሐዘን የሚባል ነገር የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ የለም። ዝም ብላ ቆማለች። አፈሩ ሬሳ ሣጥኑ ላይ መውረድ ሲጀምር ግን የሆነ ነገር ፊቷ ላይ ይሰበራል። አብሬው የነበርኩት 10 ዓመት ብቻ ነው፣ ምንም አላውቅም ስለሱ ትላለች። የሰው ዕድሜ አጭር እንደሆነ እያወቅኩ ለምን የበለጠ ላውቀው አልሞከርኩም ትልና ታለቅሳለች፣ ልጅ እንደሚያለቅሰው፣ እንባዋን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት። ሁለቱ ሽማግሌ ጓደኞቿ ጭንቅላቷን ይዳብሷታል። ትዕይንቱ አያሯሩጥም። እንባው እስኪወርድ ይጠብቃል።

እኔ እንደ ልማዴ አንድ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

ክፍሉ አለቀ። የመዝጊያው ዘፈን ጀመረ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ላፕቶፑ የእሷ ጭን ላይ ስለነበር ምርጫ አልነበረኝም። ስልኳን ከቻርጅ ነቀለች። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣

«አንተን ነው የምትመስለው» አለችኝ።

«ማ? ፍሪረን? ምኔን?»

«እሷም ዘለለችው» ብላ ወጣች።

## ፋይሉ እንደገና ይከፈት

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። እኔ የዘለልኩት ካርቱን ነው፤ ሰው አልቀበርኩም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ግን አንድ ነገር እየቆረቆረኝ ሄደ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አኒሜ እያየሁ አልነበረም፣ እያነበብኩ ነበር። ዓይኔ የስክሪኑ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ከላይ ያለው ሥዕል ለሰብታይትሉ ማጀቢያ ነው። ሥዕል የተሣለው እንዲታይ ነው እኮ። ሰው ተቀምጦ በእጁ ነው የሣለው። ያየሁት ጽሑፉን ነው፣ የፈረድኩት ግን በሥዕሉ ላይ።

ስለዚህ አንዳንድ የተዘጉ ፋይሎችን መክፈት ጀመርኩ። በ1.0 ፍጥነት፣ ላፕቶፑን ራቅ አድርጌ።

መጀመሪያ «ኢቫንጌሊየን»። በ1995 የጀመረ፣ 26 ክፍል። ድሮ የሰጠሁት ፍርድ «ብራቸው አልቆ ነው» የሚል ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ክብ ሠርተው ያጨበጭባሉ፣ እኔ አላጨበጨብኩም። አሁን 22ኛው ክፍል ላይ ደረስኩ። ሬይና አሱካ ሊፍት ውስጥ ገቡ። የማይዋደዱ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። ከዚያ ምንም። ወደ 50 ሰከንድ ገደማ ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፣ የሊፍቱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ድሮ በ5 ቀስት ያለፍኩት ቦታ ነው። አሁን ቁጭ አልኩ። 15ኛው ሰከንድ ላይ ኔትወርኩ የቆመ መሰለኝ። 30ኛው ላይ ከተጣላሁት ሰው ጋር ሊፍት የገባሁ ያህል አቀረቀርኩ። 40ኛው ላይ «ኧረ አንዳችሁ ተናገሩ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለብቻዬ፣ በሌሊት።

ዘዴው ርካሽ ነው፤ እሱን አልክድም። ታሪኩም ከድሮ የመጣ ነው። በ1963 የኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን መድረስ ሲኖርበት ስቱዲዮው የሥዕሉን ብዛት ቀነሰ። አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ይቆማል፣ አፍ ብቻ ይከፈታል ይዘጋል። ከጊዜና ከገንዘብ ማጠር የመጣ ነገር የአኒሜ ጠባይ ሆኖ ቀረ። እኔ ለዓመታት ስሳለቅበት የነበረው የቆመ ፊት፣ የቆመ ሰማይ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የመጣው። ልዩነቱ አንዳንዱ የሚያቆመው የሚለው ስላጣ ነው፣ አንዳንዱ የሚያቆመው አንተ እንድትጨነቅ ነው። በ1.5 ፍጥነት ሁለቱ አይለዩም።

ቀጥሎ «ዴዝ ኖት»። ይሄ ላይ ፍርዴ ግማሹ ጸና፣ ግማሹ ተሻረ። ነፍሰ ገዳዩ ላይት ቺፕስ የሚበላበትን ትዕይንት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ቺፕስ በልቶ ዓለም የተገለበጠች የሚመስልበት ብቸኛ ቦታ ነው፣ አሁንም ሳየው እስቃለሁ። 25ኛው ክፍል ላይ ግን የማላውቀው ትዕይንት አገኘሁ። እሱን የሚያሳድደው መርማሪ ኤል በዝናብ ከራሰ በኋላ ደረጃው ላይ ተንበርክኮ የላይትን እግር በፎጣ ያደርቃል። ብዙ አይነጋገሩም። ሁለቱም ሌላኛው ማን እንደሆነ የሚያውቁ ይመስላል፤ ከኤል ፀጉር የሚንጠባጠበው ውሃ የላይት እግር ላይ ይወርዳል። በዚያው ክፍል ኤል ይሞታል። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ በምለው አኒሜ ውስጥ ይህንን ትዕይንት አላስታውሰውም። ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ስለ ኒርና ስለ ሜሎ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። ከ26ኛው ክፍል በኋላ ጣታችሁን ፍቷት፣ ነፃ ናት።

«ቪንላንድ ሳጋ» የመጀመሪያው ሲዝን ደምና ሰይፍ ነው፤ ወደድኩት። ሁለተኛው በ2023 ሲመጣ ዋናው ልጅ ቶርፊን ባሪያ ሆኖ ስንዴ ያርሳል። ግንድ ይነቅላል። መሬት ይቆፍራል። እኔም «ይሄ አኒሜ ነው ወይስ የግብርና ፕሮግራም?» ብዬ አራተኛው ክፍል ላይ ጣልኩት፣ ቀልዱንም ለብዙ ሰው ነገርኩት፣ ብዙ ሰውም ሳቀልኝ። አሁን ተመልሼ እያየሁት ነው። ገና አልጨረስኩም። ግንዱ እስኪነቀል ቁጭ ብዬ ማየት ጀምሬያለሁ። ሲነቀል ትንሽ ደስ ይላል፣ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

በ1.0 ፍጥነት አይቻቸው የባሰባቸውም አሉ። «ሃንተር ኤክስ ሃንተር» ላይ ያ ተራኪ! የቺሜራ ጉንዳኖቹ ታሪክ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ደረጃ ለመውጣት እግሩን ሲያነሳ ተራኪው ስለ እግሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሰውየው ሐሳብ፣ ደረጃው ስለ ሰውየው ስለሚያስበው ጭምር ያብራራል። «ዲመን ስሌየር» ላይ ዜኒትሱ ይጮሃል። በ1.5 ቢያንስ ቶሎ ያበቃ ነበር። ሰው ሞቶ ሌላ ዓለም ውስጥ የሚወለድባቸውን አኒሜዎች ደግሞ ተዉአቸው። በ2023 አንዱ የሸቀጥ መሸጫ ማሽን ሆኖ ተወለደ። ቀልዴን አይደለም፣ ሳንቲም የሚጎርሰው ማሽን፣ ከእነ መስታወቱ። እሱን በሙሉ ፍጥነቱ እስከ መጨረሻው አየሁት። ለምን እንዳየሁት አላውቅም። ከማሽኑ ጋር ትንሽ ተላምደናል መሰለኝ።

## ዝናብ ነው

እህቴ የ«ፍሪረን»ን የመጀመሪያ ሲዝን ያለ እኔ ጨረሰችው፣ 28ቱንም ክፍል። ከዚያ አንድ ቀን መጥታ «ሌላ አምጣ» አለችኝ። ዳኛው ተጠየቀ ማለት ነው። ድሮ ቢሆን ኖሮ የአሥር ደቂቃ ንግግር አደርግ ነበር። አሁን «ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ» ብቻ አልኳት፣ አብረን ጀመርን። ላፕቶፑ እሷ ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እንዲህ ነው ውላችን።

ሂዩዝ የሚባለውን መኮንን ገና ከመጀመሪያው ወደደችው። ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ የትንሿን ልጁን ፎቶ የሚያሳይ፣ የሚያሰለች፣ ደግ ሰው ነው። እኔ በልማዴ ፎቶ ባወጣ ቁጥር ቀስት ስለምነካ ለዓመታት ስለሱ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፣ መሞቱን። እንደሚሞት እያወቅኩ አጠገቧ ተቀምጬ እሷ «ይሄ ሰውዬ ደስ ሲል!» ስትል መስማት ቀላል አልነበረም። ምንም አላልኩም። ስፖይል ማድረግ ነውር ነው፣ እሱን ቢያንስ አከብራለሁ።

10ኛው ክፍል ደረሰ። ሂዩዝ ሞተ። ቀብሩ ላይ ትንሿ ልጅ አባቷን ለምን አፈር እንደሚያለብሱት እናቷን ትጠይቃለች፤ አባዬ ብዙ ሥራ አለበት፣ ከቀበሩት እንዴት ይሠራል ትላለች። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ጓደኛው ሙስታንግ መቃብሩ ጋ ይቀራል። ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ዝቅ ያደርግና ዝናብ ጀመረ ይላል። ረዳቱ ሆክአይ ቀና ብላ ታያለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዝናብ የለም እኮ ልትለው ትጀምራለች። አይ፣ ዝናብ ነው ይላታል። አንዲት ጠብታ ጉንጩ ላይ ትወርዳለች። እሷም አየችና፣ አዎ፣ ዝናብ ነው አለችው።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ሆነሃል?»

«ዝናብ ነው» አልኳት።

ጣሪያውን አየች። እኔን አየች። «አፍንጫህን ጥረግ» ብላ የግራውን ቀስት ሁለቴ ነካችው።